ጥራት ለአውቶቡስ ተራ ነጋዴ ምን ይረባዋል?

ስለ ጥራት አመራር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅ ፋብሪካንና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬትን ነው። ለመሆኑ መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቦርሳ እያሰፋ ለሚሸጥ ወገን ይህ ትምህርት ምን ይረባዋል?

እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻሻለው የአይ.ኤስ.ኦ 9001 መመዘኛ በሰባት መርሆዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደንበኛን ማስቀደም ነው። ይህ መርሕ እንደ አውቶቡስ ተራ የሚፈተንበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። የክፍለ ሀገር መንገደኛ ዛሬ ገዝቶ ነገ ማለዳ ይሳፈራል። የቦርሳው ማንጠልጠያ ጎሐ ጽዮን ላይ ቢበጠስ ለአቤቱታ አይመለስም፤ ሻጩም ጉድለቱን ሳይሰማ ይቀራል። መንገደኛው ግን አገሩ ገብቶ ለጎረቤት ይናገራል። እንግዲህ ቅሬታ አልመጣም ማለት ዕቃው ጥሩ ነበር ማለት አይደለም። (የጌታ ልጅ መሆናችንም ብቻውን ስፌቱን አያጠነክረውም!)

ሌላው መርሕ በመረጃ መወሰን ነው። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ የተመለሰውን ዕቃ፣ ቀኑንና ምክንያቱን የሚጽፉበት ደብተር ይበቃል። እንበልና ከተመለሱት አሥር ቦርሳዎች ሰባቱ የተበላሹት በዚፕ ነው። ታዲያ ሰፊውን መቆጣት ምን ይጠቅማል? ዚፑን የሚያቀርበውን ሰው ማነጋገር ይሻላል። አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ አብዛኛው ጉድለት ከሠራተኛው ሳይሆን ከአሠራሩ እንደሚመጣ አጥብቆ ያስተምር ነበር። በየስሕተቱ ደመወዝ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ጉድለቱን ይደብቃል፤ የተደበቀው ደግሞ ከደንበኛው ጋር አውቶቡስ ይሳፈራል።

በአገራችን ይህ ትምህርት በስፋት የታወቀው በካይዘን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን ድጋፍ ጠየቁ፤ በ2009 በጃይካ እርዳታ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ለጠባብ ሱቅ የሚሆነው ክፍል «አምስቱ ማዎች» የሚባለው ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የማያስፈልገውን ማውጣት፣ መቀሱንም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ኪራይ ውድ በሆነበት በመርካቶ ከቆሻሻ የተለቀቀች አንዲት መደርደሪያ ትርፍ ናት።

አስቸጋሪው አምስተኛው፣ ማዝለቅ ነው። የበዓል ገበያ ሲደርስ ሁሉም ለብዛት ይሮጣል፤ ደብተሩም ይዘጋል። ነገር ግን ብዙ ዕቃ የሚወጣው፣ ብዙ ጉድለትም የሚሾልከው በእነዚያው ቀናት ስለሆነ ደብተሩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።