ዘንባባው የማን ነው?

«መለዮ» የሚለው ቃል «መለየት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መለዮ የለበሰ ሰው ከሌላው ሰው ተለይቷል ማለት ነው። ማን ለየው? ስለ ምን ለየው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እንድናስብበት ያደረገን በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ ያየነው ነገር ነው።

የሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ዋዜማ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ገብተን ምድጃውን ከበን ተቀምጠናል። የቤቱ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከአያቱ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የአርበኝነት ሜዳይ አወጣና በኮቱ ላይ በግራ ደረቱ ሊያንጠለጥለው ሲሞክር አያቱ አዩት። ሜዳዩ የአባታቸው ነው። በጥብጣቡ ላይ አምስት ዘንባባ አለበት።

«ምነው ልጄ፣ የት ልትሄድበት ነው?» አሉት።

«ለነገው በዓል ነው እማማ። ሁሉም የአባት የአያቱን አድርጎ ይመጣል።»

«ማድረጉንስ አድርገው። ግን አንዱ ሽማግሌ ዘንባባውን ቆጥሮ ‹አምስቱን ዓመት የት ዋልክ?› ቢልህ ምን ትመልስለታለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኛም የምንለው ጠፋን።

ነገሩን ስናስበው ግን ይህ የአሮጊቷ ጥያቄ በሸዋ ምድር አዲስ አለመሆኑን ተረዳን። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ የጀግና ምልክት በገበያ የሚገዛ ጌጥ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በነገሡበት ዘመን፣ በጦርነትና በአደን ለታወቀ ሰው የብር አምባር፣ በብር ያጌጠ ጋሻና ጎራዴ ይሸልሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ የሕንድ መንግሥት ተልኮ ወደ ሸዋ የመጣው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስም ይህን የቤተ መንግሥት ሥርዓት አይቶ ጽፎታል። ወርቅ ደግሞ የንጉሡ ነበርና ያለ እርሳቸው ፈቃድ ማንም እንዳሻው በወርቅ አያጌጥም ነበር።

በዚያ ዘመን የሽልማቱ መዝገብ ሕዝቡ ነበር። ጀግናው በንጉሡ ፊት ሲፎክር የት እንደ ዋለ፣ ማንን እንደ ጣለ በስም ይናገራል፤ አብረውት የዘመቱት ቆመው ይሰሙታል። ያልሠራውን ቢናገር እዚያው አደባባይ ላይ ያፍራል። እንግዲህ የአንበሳ ጎፈሩም ሆነ የብር አምባሩ የሚጸናው ምስክር ሲኖረው ነው።

ከዚህ ደንብ የወጣ አንድ ባለሥልጣን ግን ነበር። ይኸውም ሊቀ መኳስ ነው። ሊቀ መኳስ በጦርነት ቀን የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ በንጉሡ ዓይነት ፈረስ ተቀምጦ ይሰለፋል። ጠላት ንጉሡን ለይቶ እንዳይመታ ማሳሳቱ ነው። የንጉሥ ልብስ መልበስ ለሌላው ሰው ድፍረት ሲሆን፣ ለእርሱ በንጉሡ ፈንታ ለመሞት መስማማት ነበር። የማይገባውን የለበሰ የመሰለው ሰው ከሁሉ የከበደ ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነበር።

ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ፣ ይህን የቆየ ልማድ ከአውሮፓ የኒሻን ሥርዓት ጋር አገናኙት። የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን የተቋቋመው በእርሳቸው ነው። በኋላም በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ሲከፈት፣ የዘመናዊ ጦር የደንብ ልብስና የማዕረግ ምልክት ከነትምህርቱ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ደረሰ። የማዕረጉ ስም ግን የራሳችን ነው። ዐሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ እያለ ይወጣል፤ ሻለቃም «ሺህ አለቃ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሰውየው ስንት ነፍስ በአደራ እንደ ተሰጠው ይናገራል።

ምልክቶቹ በደንብ ልብስ ላይ ያለ ምክንያት አልተደለደሉም። በትከሻ ላይ ያለው የማዕረግ ምልክት የዛሬን ሥልጣን ያመለክታል፤ ሰውየው ሲሾም ይለወጣል፣ ሲሻርም ይወርዳል። በግራ ደረት ላይ ያለው ሜዳይ የተፈጸመ ሥራን ስለሚናገር ሹመቱ ቢቀር እንኳ እርሱ አይቀርም። በአዘቦት ቀን ጥብጣቡ ብቻ ይደረጋል፤ ሙሉው ሜዳይ የሚታየው በክብር ቀን ነው። ብዙ ኒሻን ያለውም ሰው ታላቁን ወደ ደረቱ መካከል አስቀድሞ፣ ሌላውን በየተራው ወደ ክንዱ ያስከትላል። በክንድ ላይ የሚሰፋው ዓርማ ደግሞ ሰውየው የየትኛው ክፍል ወታደር እንደ ሆነ ያስታውቃል። በአሜሪካ ጦር ልማድ በግራ ክንድ ላይ የሚሰፋው ዛሬ ያለበት ክፍል ዓርማ ሲሆን፣ በቀኝ ክንድ ላይ የሚሰፋው በጦርነት አብሮት የተሰለፈው ክፍል ዓርማ ነው። ስለዚህ በቀኝ ክንዱ ዓርማ ያለው ወታደር በጦር ሜዳ የዋለ መሆኑ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ይህን የክፍል ስም ክብር የእኛም ልጆች በሩቅ አገር አስመስክረዋል። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ ጦር ስሙን የወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። እንዲህ ሆኖ የሸዋ መኳንንት የፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ የወታደር መጠሪያ ሆነ። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ከ120 በላይ ጀግኖች ሲሞቱበት፣ አንድም ምርኮኛ አለመስጠቱ ዛሬም የሚነገርለት ነው።

ምልክት በጦርነት ጊዜ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የተደነገገው የሄግ የጦርነት ሕግ ተዋጊ ሰው ከሩቅ የሚታይ ቋሚ ምልክት እንዲኖረው ያዛል፤ የጠላትን የደንብ ልብስ ለማታለያ ማድረግንም ይከለክላል። ሕጉ ይህን ያለው ወታደሩ ከገበሬው ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ሲማረክም እንደ ምርኮኛ እንዲያዝ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ግን፣ በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ሸንተረር የቀሩት አርበኞች መለዮ የሚያድላቸው መንግሥት በአጠገባቸው አልነበረም። ምልክታቸው ያደገው ጎፈሬያቸው ነበር። ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት የተማረኩ «ዓመፀኞች» ሁሉ በጥይት እንዲገደሉ በቴሌግራም አዘዘ። የሸዋ አርበኞች ከራስ አበበ አረጋይ ጋር አምስቱን ዓመት የቆዩት ይህን እያወቁ ነው። ዛሬ በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት ኃይለ ማርያም ማሞ በ1930 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ የአርበኝነት ሜዳይ የሚባል ነገር ገና አልተሠራም ነበር። እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት የውስጥ አርበኞችም ምልክት ቢገኝባቸው የሚያልቁ ስለ ነበሩ፣ ጀግንነታቸው ምንም ምልክት አለማሳየት ነበር።

ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ነው እንግዲህ የአርበኝነት ሜዳይ የመጣው። በጥብጣቡ ላይ ያለው ዘንባባ የትግሉን ዓመት ያስቆጥራል። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት አምስቱንም ዓመት በዱር በገደል የቆየ ማለት ነው። ከጠላት ጋር የዋለው ሰው ሹመትና ሽልማት አገኘ የሚለው ቅሬታ ከድል በኋላ ለብዙ ዘመን የተሰማውም፣ ሰዉ ዘንባባ መቁጠር ስለሚያውቅ ነው። ሐሰተኛ ምልክት ባለቤቱን ከማስከበሩ ይልቅ የእውነተኛውን ምልክት ዋጋ ይቀንሳል።

ታዲያ ልጅ የአባቱን ሜዳይ ጨርሶ አያድርግ ማለት ነውን? እንዲህ አይደለም። እንግሊዞችና እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች ለዚህ መልካም መላ አግኝተውለታል። ሜዳዩን ያገኘው ሰው ራሱ በግራ ደረቱ ያደርገዋል፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በመታሰቢያ ቀን በቀኝ ደረቱ ያደርገዋል። በቀኝ ሲታይ «የእኔ አይደለም፣ የዘመዴ ነው» ማለት ነው። ይህንኑ ለወጣቱና ለአያቱ ነገርናቸው።

አያቱ ጥቂት አሰቡና «ቀኙ ጥሩ ነው። ግን ቀኙም ቢሆን ይጠየቃል» አሉ። ከዚያም ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከአባታቸው አፍ የሰሙትን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ፣ የዋሉበትን ገደልና ያደሩበትን ዋሻ በስም እየጠሩ ይነግሩት ጀመር። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አምጥቶ ጻፈ። እሳቱ እስኪከስም ድረስ ቆዩ።

ይህን የምናወሳው ለዚህ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። ከሰልባጅ ተራ ወፍራም የወታደር ጃኬት የሚገዛ ተማሪ በክንዱ ላይ የተሰፋው ዓርማ የየትኛው ጦር እንደ ሆነ ሳያውቅ ከተማውን ይዞርበታል። ከዓርማው በስተኋላ የሞቱ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስቦ ቢፈታው መልካም ነው። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት ሹምም በአንገቱ ያንጠለጠለው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ በትከሻ ላይ እንዳለው ማዕረግ የአደራ ምልክት መሆኑን፣ አደራው ሲያበቃ የሚወርድ መሆኑን ቢያስብ ባለጉዳዩን በትዕግሥት ያስተናግዳል።

በማግሥቱ ወጣቱን በበዓሉ አደባባይ አገኘነው። ሜዳዩ በቀኝ ደረቱ ላይ ነበር። ለምድ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡና ዘንባባውን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩት።

«የማን ነው?» አሉት።

«የአያቴ አባት ነው» አለና የመጀመሪያውን ዓመት መናገር ጀመረ። ሽማግሌው አምስተኛው ዘንባባ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ሰሙት።