ቪኤልሲ፦ የናቅነው አዋቂ

“አንድ ጠቃሚ ሶፍትዌር ጠቁመኝ” የሚለኝ የቴክኖሎጂ ወዳጅ ሁሉ ሰምቶት የማያውቀውን ስም ይጠብቃል። ቪኤልሲ ስለው ቅር ይለዋል። “እሱማ አለኝ!” መኖሩንስ አለው። ፊልም ከፍቶበት፣ ሲያልቅ ዘግቶት ይሄዳል እንጂ ሌላ ምን እንደሚሠራ ጠይቆት አያውቅም።

ቪኤልሲ ነፃ የቪዲዮና የድምፅ ማጫወቻ ነው። በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ይሠራል። ፕሮጀክቱን በ1996 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት የፓሪሱ ኢኮል ሳንትራል ተማሪዎች ናቸው፤ ሐሳባቸው የሳተላይት ቴሌቪዥንን በግቢው ኔትወርክ ለማደሪያ ክፍሎች ማሰራጨት ነበር። በ2001 ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ኮዱ ለዓለም ክፍት ሆነ። ዛሬ የሚመራው ቪዲዮላን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በ2025 መጀመሪያ የወረደበት ብዛት ከ6 ቢሊዮን ማለፉ ተነግሯል፤ እስካሁን ግን አንድ ማስታወቂያ አልተለጠፈበትም። ብርቱካናማው የመንገድ ኮን ደግሞ ተማሪዎቹ ይሰበስቧቸው ከነበሩ ኮኖች የመጣ ነው። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ኮኑ ቀይ ኮፍያ ያጠልቃል። “ቫይረስ ገባብኝ” ብሎ የደወለልኝ ሰው ስላለ ነው የምናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። አብዛኛው ሰው የፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያለችው “ኤምፒ4” ወይም “ኤምኬቪ” የቪዲዮውን ዓይነት የምትነግረው ይመስለዋል። አትነግረውም። እሷ ጆንያው ላይ የተጻፈች ናት፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ስንዴ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ኤምፒ4 ፋይል ውስጥ ምስሉ በኤች.264 የተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ በሌላው በኤች.265። ድምፁም እንደዚሁ የራሱ መጨመቂያ አለው። ይህን የመጨመቂያና የመፍቻ ዘዴ ነው ኮዴክ የምንለው። ቴሌቪዥናችሁ አንዱን ኤምፒ4 ከፍቶ ሌላውን “አላውቀውም” የሚለው ለዚህ ነው። የፋይሉን ስም ቀይራችሁ ልታታልሉት ብትሞክሩም ውስጡ ያው ነው።

ቪኤልሲ በስሙ አይሸወድም። የፋይሉን ውስጥ አንብቦ ያለውን ያያል፤ መፍቻዎቹንም፣ አብዛኞቹን ኤፍኤፍኤምፔግ ከተባለው ሌላ ነፃ ፕሮጀክት ወስዶ፣ ራሱ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ “ኮዴክ ፓክ” እያሉ ከየድረ ገጹ የማይታወቅ ነገር መጫን አያስፈልግም። ኢንተርኔት ተቋርጦ በግማሽ የቀረ ኤምኬቪ ፋይልም ቢሆን እስከ ደረሰበት ያጫውትላችኋል።

አንዲት ጎረቤቴ የልጇን የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይዛ መጣች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሽሮቹ ይታያሉ፣ እስክስታው ይታያል፣ ዘፈኑ ግን የለም። ፊልም ከሚጫንበት ሱቅ ወስዳው “ኮንቨርት” ተደርጎላት ነበር። ድምፁ መጥቷል፤ የሰው ፊት ግን ደብዝዞ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ደግነቱ ዋናውን ፋይል አላጠፋችውም። በቪኤልሲ ከፍቼ ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ስጫን የኮዴክ መረጃው መጣ፤ ምስሉ አብዛኛው ቴሌቪዥን የሚያውቀው ኤች.264 ነው፣ ድምፁ ግን ካሜራው ሳይጨምቅ የቀዳው ፒሲኤም። ችግሩ ድምፁ ብቻ ነበር። ሱቁ ግን ደህናውን ምስል ጭምር ፈትቶ እንደገና ጨመቀው። በእንዲህ ዓይነት ጭመቃ የሚጣለው ዝርዝር ደግሞ በኋላ በምንም ጥበብ አይመለስም።

መፍትሔው እዚያው ቪኤልሲ ውስጥ ነው። ሚዲያ ከሚለው ዝርዝር “ኮንቨርት/ሴቭ” ትገባላችሁ፤ የፕሮፋይሉን ማስተካከያ ከፍታችሁ ማቀፊያውን፣ ማለትም ጆንያውን፣ ኤምፒ4 ታደርጋላችሁ፤ ምስሉን በነበረበት እንዲተወው፣ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ እንዲለውጠው ታዛላችሁ። ምስሉ እንዳለ ስለሚገለበጥ ከጥራቱ አይቀነስም፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ምስሉን ከሆነ፣ ለምሳሌ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ኤች.265 ከሆነ፣ እንደገና ማስጨመቅ ግድ ይላል። ያኔም ዋናውን ፋይል አስቀምጡ፤ የሠርግ ቪዲዮ ሁለተኛ አይቀረጽም።

የቀሩትን ባጭሩ። ሰብታይትሉ ተናጋሪውን ከቀደመ ኤችን፣ ከዘገየ ጂን ደጋግማችሁ ተጫኑ። የድምፁ ጉዳይ ከሆነ ጄና ኬ አሉላችሁ። የአማርኛ ሰብታይትል ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፎንቱን የግዕዝ ፊደል ወዳለው ቀይሩ። የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ ደግሞ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ድምፁን ከ100 በላይ እየገፋችሁ “ስፒከሬ ተበላሸ” የምትሉ ግን ቪኤልሲን አትክሰሱት፤ ከዚያ በላይ ድምፁን በኃይል ስለሚያጎላው መቆራረጡ ያለ ነው።

እንከን የለውም አልልም። 3ኛው ትውልዱ በኢ ቁልፍ አንድ አንድ ምስል ወደ ፊት ይራመዳል፤ ወደ ኋላ ግን አንድም አይመለስም። ቪዲዮ አርታዒ ለሆነ ሰው ይህ ያናድዳል። መልኩም ያረጀ ነው።

የምታወርዱት ከራሱ ከቪዲዮላን ድረ ገጽ ብቻ ይሁን፤ በስሙ የሚነግዱ፣ ሌላ ኮተት አብረው የሚጭኑ ገጾች ሞልተዋል። የማይከፈት ፋይል ሲገጥማችሁም ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ኮንትሮልና ጄን ተጫኑና ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ እዩ። ያልታመመውን አታስታምሙ።