ስለ ካምቢዮ ዘይት መፍሰስ፦ የጋራዥ ቃላትና የስያሜ ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሚገኙት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ማለትም በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ፣ እንደ ቮልስዋገንና ላንድሮቨር ያለ አሮጌ መኪና ወደ ጋራዥ ከሚያስገቡት ብልሽቶች አንዱ የካምቢዮ ዘይት መፍሰስ ነው። ነገሩ ለመካኒኩ የእጅ ሥራ ሲሆን፣ ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን የስያሜ ጥያቄ ነው። የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ቃል ያለቦታው ቢገባ ጥፋቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርምና። ከዚህ በታች አራት የስያሜ ችግሮች በየተራ ይብራራሉ።

፩. ካምቢዮና ኃይል አስተላላፊ። «ትራንስሚሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጠባቡ የማርሽ ሳጥኑን ብቻ፣ በሰፊው ደግሞ ከሞተር እስከ ጎማ ኃይል የሚያደርሱትን ክፍሎች ሁሉ ያመለክታል። «ካምቢዮ» በጣልያንኛ በመሠረቱ «ለውጥ»፣ «ፍሪሲዮን»ም «ሰበቃ» ማለት ነው፤ ሁለቱም በዚያው በጣልያንኛ ከድርጊት ስምነት ወደ ዕቃ ስምነት ተሻግረዋል። አማርኛ የተቀበለው የዕቃውን ፍች ብቻ ነው። በመሆኑም ለሳጥኑ «ካምቢዮ»፣ ለጠቅላላው ሥርዐት «ኃይል አስተላላፊ» ማለት ይበጃል። በቮልስዋገን ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በአንድ ዘይት ስለሚለሰልሱ፣ «የካምቢዮ ዘይት» ሲባል በዚያ መኪና ሁለቱንም እንደሚያጠቃልል መገለጽ አለበት።

፪. ዘይትና ፈሳሽ። በጋራዥ አነጋገር የሞተሩም፣ የካምቢዮውም፣ የፍሬኑም ፈሳሽ «ዘይት» ይባላል። ይሁን እንጂ «የፍሬን ዘይት» አብዛኛውን ጊዜ ከግላይኮል የሚዘጋጅ እንጂ የማዕድን ዘይት አይደለም፤ የማዕድን ዘይት ቢጨመርበት የፍሬኑ ጎማዎች አብጠው ፍሬኑ እምቢ ሊል ይችላል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም ቀጭንና ብዙ ጊዜ ቀይ ሲሆን፣ ከማለስለስ ሌላ ኃይልና ግፊት ያስተላልፋል፤ በእጅ ለሚቀየር ካምቢዮ የሚሆነው ወፍራም ዘይት በእርሱ ምትክ አይገባም። ከዚህ ላይ ቁጥሮቹም ልብ ሊባሉ ይገባል። የካምቢዮ ዘይት «ኤስ ኤ ኢ 90» እና የሞተር ዘይት «ኤስ ኤ ኢ 50» በተለያየ መለኪያ የተሰጡ ቁጥሮች በመሆናቸው፣ ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው። ስለሆነም ተርጓሚው «ዘይት» የሚለውን ብቻውን ትቶ ሙሉ ስሙን ይጻፍ። «የትራንስሚሽን ፈሳሽ ፍሳሽ» የሚል ትርጉምም ከመነበቡ በፊት ያደናግራል፤ ሁለቱን ስሞች የሚለያቸው አንድ አናባቢ ነው፣ «ፍሳሽ»ም በማዘጋጃ ቤት ሰነዶች ለቆሻሻ ውሃ ተይዟል።

፫. ፈሰሰና አፈሰሰ። ከሁሉ የሚከፋው ችግር ከዚህ ነው። «መኪናው ዘይት ያፈሳል» ሲባል ብልሽትን ይናገራል። «ዘይቱን አፍስስ» የሚለው ትእዛዝ ግን ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያስተላልፋል፤ አንዱ ያለውን አውጥተህ ባዶ አድርግ፣ ሌላው ቡና በስኒ እንደሚፈስስ ሁሉ ጨምርበት ማለት ነው። ስለዚህ ለብልሽቱ «መፍሰስ»፣ ባዶ ለማድረግ «ማንጠፍጠፍ»፣ ለመጨመር «መሙላት» እንዲሆኑ እናቀርባለን። የብልሽቱንም ደረጃ የሚለዩ ግሶች አሉን። አካሉ ረጥቦ አቧራ ሲይዝ፣ ጠብታ ግን ሳይወድቅ፣ «ያወዛል»፤ ጠብታ ሲወድቅ «ያንጠባጥባል»፤ ሳይቋረጥ ሲወርድ «ይፈስሳል»። የመጀመሪያው ክትትል፣ የመጨረሻው ፈጣን ጥገና የሚጠይቅ በመሆኑ ሦስቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ለባለመኪናው ወጪ ነው። የአምቦ መካኒክ በሁለት ቋንቋ የሚሠራ እንደመሆኑ፣ በኦሮምኛም «ጮጱ» ማንጠብጠብን፣ «ያኡ» መፍሰስን እንደሚለዩ ማስታወስ ይጠቅማል። «ተሽከርካሪ» ከመሽከርከር፣ የኦሮምኛው «ኮንኮላታ»ም ከመንከባለል የወጡ ስሞች ናቸው። በሁለቱም ቋንቋዎች ከሕያው ግስ የተወለደ ስያሜ ሥር ሰድዷል።

፬. ጓርኒሲዮንና ዘይት መካች። ሁለቱንም «ማሸጊያ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጓርኒሲዮን በማይንቀሳቀሱ ሁለት ገጾች መካከል ይቀመጣል፤ በጋራዥ «ኦይል ሲል» የሚባለው ደግሞ የሚሽከረከርን ዘንግ በከንፈሩ አቅፎ ዘይቱን ይመክታል። ጓርኒሲዮን በማጣበቂያ ሊረዳ ይችላል፤ ባረጀ ከንፈር ላይ ማጣበቂያ መቀባት ግን አያድንም። «ዘይት መካች» የሚለው ስያሜ የዕቃውን ግብር ስለሚናገር ለኋለኛው ተስማሚ ነው።

እነዚህ ስያሜዎች በሥራ ሲፈተኑ የሚከተለውን የመሰለ መመሪያ ያስገኛሉ፦

«ካምቢዮው ከውጭ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ። መኪናው ተነድቶ ከቆመ በኋላ የሚያወዛው ወይም የሚያንጠባጥበው ቦታ ይለይ። መተንፈሻው ይጽዳ፤ በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ፣ ሲሞቅ የሚበረታው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በደህናው ዘይት መካች በኩል ይገፋዋል። የመሙያው ቡሎን መፈታቱ ሳይረጋገጥ የማንጠፍጠፊያው ቡሎን አይፈታ። አዲሱ ዘይት መካች ሲገባ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ዘንጉ ተቦርቡሮ እንደሆነም አስቀድሞ ይታይ። በመጨረሻ በአምራቹ የታዘዘው ዘይት እስከ መሙያው አፍ ይሞላ።»

የጊንጪን የመረሬ ጭቃ የሚያውቅ ሾፌር ስለ መተንፈሻው የተሰጠው ትእዛዝ ለምን ከዘይት መካቹ እንደቀደመ ማብራሪያ አይሻም። መሙያው ከማንጠፍጠፊያው መቅደሙም እንዲሁ ነው፤ መሙያው የተቆለፈበት መካኒክ ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል። በዚህ ምንባብ ውስጥ «አፍስስ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ጊዜም አልገባም፤ «ካምቢዮ»ና «ቡሎን» ግን እንዳሉ ቆይተዋል፤ ለሠራተኛው ግልጽ የሆነን ቃል ለውጭ አመጣጡ ሲባል ብቻ መንቀል አያስፈልግምና። አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ነባሩ ቃል ሁለት ነገሮችን በሚያምታታበት ቦታ ነው።