ተለማማጁ ወንድምና የእኅቱ ደብተር



አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ አንዲት እኅት አባን ለማነጋገር መጣች። እርሳቸው ሕመምተኛ ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደው ስለ ነበር እኔን አነጋገረችኝ። በስዊፊያ በአንድ ቤት ስትሠራ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስሟን መጥቀስ አላስፈለገንም። ታናሽ ወንድሟን አዲስ አበባ ውስጥ በአካውንቲንግ ያስመረቀችው ከዚህ በምትልከው ገንዘብ ነው። ልጁንም አንድ ትልቅ የኦዲት ድርጅት በተለማማጅነት ተቀበለው።

«ደስ ብሎኝ ሻማ አበራሁ» አለችኝ። «አሁን ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ልልቀቅ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲያገላብጥ ይውላል፤ የሚከፈለው ከታክሲና ከምሳ አያልፍም። ገንዘብ ላኪልኝና እኔም ወደ ውጭ ልውጣ ይላል። ምን ልበለው?»

እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓርብ ቀጠሮ ሰጥቻት፣ በሙያው ብዙ የቆየ አንድ ወንድም ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ። ያገኘሁት ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ይህ ሙያ ከታች የሚጀመር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ አራቱ ትልልቅ የሚባሉት የሒሳብ ድርጅቶች ዴሎይት፣ ፒ.ደብሊው.ሲ.፣ ኧርነስት ኤንድ ያንግ እና ኬ.ፒ.ኤም.ጂ. ናቸው፤ አራቱም እዚሁ አማን ቢሮ አላቸው። የዴሎይት መሥራች ዊልያም ዴሎይት ለንደን ውስጥ የከሰሩ ነጋዴዎች ጉዳይ በሚታይበት ፍርድ ቤት ረዳት ሆኖ ሥራ ሲጀምር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የራሱን ቢሮ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለተለማማጅ ደመወዝ መክፈል ቀርቶ፣ ሙያውን ለሚያስተምረው ሰው የሚከፍለው የልጁ ቤተሰብ ነበር። ሜሪ ሐሪስ ስሚዝ የምትባል ሴትም በ1891 የሒሳብ ባለሙያዎቹ ማኅበር አባል ልሁን ብላ ብታመለክት ሴት በመሆኗ ከለከሏት። ሥራዋን ሳትተው ቆይታ በ1920፣ በ75 ዓመቷ ተቀበሏት።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አማን ያደረገው የጠላል አቡ ጋዛላ ድርጅት አለ። መሥራቹ በ1938 ያፋ ተወለዱ፤ በ1948 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሊባኖስ ተሰደዱ። በቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1960 ከተመረቁ በኋላ ኩዌት ውስጥ በሰው የሒሳብ ድርጅት ተቀጥረው ሠሩ። የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙት በ1972 ነው። የስደተኛ ልጅ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ ማመሳከር የተናቀ ሥራ አይደለም። አንድ ኩባንያ «ይህን ያህል ሸጫለሁ፤ በመጋዘኔም ይህን ያህል ዕቃ አለኝ» ቢል ኦዲተር በቃሉ ብቻ አይቀበለውም። ተለማማጁ ደረሰኙን ከመዝገቡ፣ መዝገቡን ከባንክ ወረቀቱ ጋር ያስተያያል። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋም መጋዘን ገብቶ ቆጠራ ይከታተላል። ትክክል ሆኖ ባገኘው ቁጥር አጠገብ ምልክት ያደርጋል፤ በወረቀቱም ላይ የስሙን ፊደል ይጽፋል። ያንን ሥራ ነባሩ ኦዲተር ያየዋል፤ ከእርሱ ሥራ አስኪያጁ፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ይፈርማል። የታችኛው ምልክት ሐሰት ከሆነ የላይኛውም ፊርማ ሐሰት ነው።

አርተር አንደርሰን የሚባለው ድርጅት በ1913 ቺካጎ ተቋቁሞ እስከ 85,000 ሠራተኞች ነበሩት። ኤንሮን የሚባል ደንበኛው በ2001 ሲከስር ሰነዶች እንዲጠፉ ተደረገ፤ በ2002ም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በ2005 ቢሽረውም ደንበኞቹ ቀድሞውኑ ጥለውት ሄደዋል። የታመነ ስም ከጠፋ በፍርድ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ይቆጠርለታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚፈተኑት ኤ.ሲ.ሲ.ኤ. የተባለው የሙያ ማረጋገጫ ከፈተናው ሌላ የ36 ወር ተግባራዊ ልምምድ ይጠይቃል። ስለዚህ እኅታችንን እንዲህ አልኳት፦ ልጁ ልምምዱ ይቆጠርልኝ እንደ ሆነ፣ ሥራዬንም የሚያይልኝ ማን እንደ ሆነ አለቃውን ይጠይቅ። ይህ ካለ ይታገሥ። ሻይ ከማመላለስ በቀር የሚያስተምረው ከሌለ ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ይህን ከነገርኳት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ለእርሱ እስካሁን ስንት ላክሽ?» አላወቀችውም። «ደመወዝሽስ?» ስላት አቀረቀረች። የአራት ወር አልተከፈላትም፤ ማዳም ግን የሁለት ወር ብቻ ነው ትላለች። የተጻፈ ምንም የለም። ወንድሟ የሰው ደረሰኝ ሲያመሳክር ይውላል፤ የእርሷን ድካም ግን የመዘገበ ሰው የለም።

በዚያው ምሽት በኢሞ ደወለችለት። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ሳያማርር ነገራት። አንድ ደብተር ግዢ፤ ወሩን፣ የተቀበልሽበትን ቀንና ዲናሩን ጻፊ፤ የከፈለሽ ሰው ይፈርምበት፤ የሐዋላውን ወረቀት ከገጹ ጋር አያይዢ፤ ከቀኑ ጋር ሲመሳከር ምልክት አድርጊ አላት። የድሮዎቹን የሐዋላ ወረቀቶች ከሻንጣዋ አውጥታ በየወሩ ደረደረቻቸው። ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር በማግስቱ ትልክ ስለ ነበር፣ ያልላከችባቸው አራት ወራት ቁልጭ ብለው ታዩ።

ማዳም ደብተሩን አገላብጣ አየችና የሦስት ወሩን ከፈለች። አንዱ ወር ገና ነው፤ አባ ሊያነጋግሯት ቀጠሮ ይዘዋል።

እኅቶች ሆይ፣ የዮርዳኖስ የሥራ ሕግ ደመወዝ ከመክፈያው ቀን በኋላ ከሰባት ቀን እንዳያልፍ ያዛል። የተቀበላችሁትን መፈረማችሁም የሚቀራችሁን አያስቀርም። ነገር ግን ያልተቀበላችሁትን አትፈርሙ። መጻፍ ለሚቸግራችሁ ዓርብ ከጸሎት በኋላ በጽሕፈት ቤታችን እንጽፍላችኋለን። ሐዋርያው ማቴዎስም በቀራጮች መደብ ተቀምጦ ሳለ ነው ጌታ የጠራው፤ ቆጠራ ከመንፈሳዊ ሕይወት የራቀ ነገር አይደለም።

ወንድሟ እስከ ዛሬ ከሥራው አልለቀቀም። እርሷም ዘንድሮ ለእርሱ ከምትልከው ላይ ቀንሳ በራሷ ስም ማስቀመጥ ጀምራለች፤ ያንንም በደብተሯ ጽፋዋለች።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።