«ፍራክታል» ስለሚባሉ የፊልምና የቪዲዮ ምስሎች አሠራርና ስያሜ

ከመካነ ሰላም አካባቢ ደጋ ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚመለከት ሰው፣ ቦረቦሩ ወደ ፈፋ፣ ፈፋው ወደ ወንዝ፣ በሽሎና ወለቃም ወደ ዐባይ ሲወርዱ ያያል። ከሩቅም ሆነ ከቅርብ ሲታይ ቅርንጫፉ ግንዱን ይመስላል። የሒሳብ ሊቁ ቤኗ ማንደልብሮት እ.ኤ.አ. በ1975 «ፍራክታል» የሚል ስያሜ ያወጣው እንዲህ ላለው ቅርጽ ነው። ሆኖም ቃሉ በ1960ዎቹ ለተሠሩ ኅብረ ቀለማዊ የፊልም ምስሎች ሁሉ በጅምላ ሲሰጥ ይታያል። ተርጓሚው ትክክለኛውን ቃል ለመምረጥ በቅድሚያ የምስሎቹን አሠራር መለየት ይኖርበታል።

1. አሠራራቸው

የመጀመሪያው ዘዴ የፈሳሽ ብርሃን ትርኢት ነው። ቀለም የተቀላቀለበት ዘይትና ውሃ በመስታወት ሳሕን ተደርጎ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይጣላል፤ ሳሕኑ በተነቀነቀ ቁጥር ምስሉ ይለዋወጣል። ሁለተኛው በመሣሪያ የተመራ እንቅስቃሴ ነው። ጆን ዊትኒ ከጦርነት የተረፈውን የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ ለውጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 «ካታሎግ» የተባለውን ፊልም ሠራበት። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውስጥ ዳግላስ ትራምቡል የተጠቀመበት የስንጥቅ ዘዴ ነው። የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ ሳለ፣ ካሜራው በጠባብ ስንጥቅ በኩል ወደሚታይ ብርሃናማ ሥዕል ይጠጋል፤ ብርሃኑም ረጅም መተላለፊያ መስሎ ይቀረጻል።

በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ ምስሉ ራሱን በራሱ ውስጥ አይደግምም። አራተኛው ዘዴ ግን ይለያል። የቴሌቪዥን ካሜራ የራሱን ምስል ወደሚያሳየው መስኮት ይዞራል። ያየውን ወደ መስኮቱ ይልካል፤ የላከውንም መልሶ ያያል። ካሜራው ጥቂት ካዘነበለ ምስሉ በየዙሩ እየዞረ ጠመዝማዛ ይሠራል። ብርሃኑ በየዙሩ ከቀነሰ ምስሉ ይጠፋል፤ ከመጠን በላይ ከጨመረ መስኮቱ ይነጣል፤ ሕይወት ያለው የሚመስለው ቅርጽ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1963 ለ«ዶክተር ሁ» መክፈቻ የተጠቀመው በዚህ ዘዴ ነበር። በስሌት የተሠራ ፍራክታል በፊልም የታየው ግን ዘግይቶ ነው፤ ሎረን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳየው «ቮል ሊብር» ውስጥ ተራሮችን በኮምፒዩተር ሠርቷል።

2. ስያሜያቸው

«ፍራክታል» የተገኘው «የተሰበረ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። «ክፍልፋይ» እንዳንለው ቃሉ በሒሳብ ትምህርት ሌላ ሥራ ይዟል። «ራስ-መሰል» ብንለውም ባሕርዩን እንጂ ነገሩን አይሰይምም፤ ቀጥታ መስመርም ተቆርጦ ሲታይ ራሱን ይመስላልና፣ ግን ፍራክታል አይደለም። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መውሰድ፣ «ራስ-መሰል»ንም ለገላጭነት ማቆየት ይሻላል። ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በጫፉ ትናንሽ መስቀሎች፣ በእነርሱም ጫፍ ሌሎች ያሉበትን የመጾር መስቀል ማሳየት ይበቃል። ሮን ኤግላሽም እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀሎች በምሳሌነት አንሥቷል።

አራተኛውን ዘዴ «የቪዲዮ ግብረ መልስ» ብንለው፣ አንባቢው ተመልካቾች ስለ ቪዲዮው የሰጡት አስተያየት ይመስለዋል። «የገደል ማሚቶ»ን መነሻ አድርጎ «የምስል ማሚቶ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ማሚቶ ተመልሶ ይከስማል እንጂ ለሌላ ድምፅ ምንጭ አይሆንም። መዞርንም መደጋገምንም አንድ ላይ የያዘው «አዙሪት» ነው። ስለዚህ በምሕንድስና «ግብረ መልስ» እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ ጥበብ «የምስል አዙሪት» የሚለው ቢለመድ የተሻለ ይመስለናል።

«ሳይኬደሊክ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። የግሪክኛ ሥሩ ነፍስንና መግለጥን ያመለክታል፤ «አደንዛዥ» ተብሎ ቢተረጎም ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለ ሥነ ጥበብ ስልት በሚነገርበት ጊዜ ቃሉን እንዳለ መጻፍ ይመረጣል።

በአንዳንድ ተናጋሪዎች ዘንድ «አዙሪት» ደጋግሞ የሚመለስ ክፉ ዕጣን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሆኖም «የምስል» የሚለው ቅጽል ፍቺውን ይገድበዋል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ቢያቀርቡ ለውይይት ይጠቅማል።