ገንፎው ውስጥ ምን ነበር?

ከተረኝነት አሁን ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ነገ ብል ንዴቴ ይበርዳል፤ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

ቀትር ላይ አንድ የ14 ወር ልጅ በአያቱ ጀርባ ታዝሎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ከንፈሩ አብጧል፣ ዓይኑ ሊከደን ምንም አልቀረውም፣ ሆዱና ጭኑ ሳማ የለበለበው መስሏል። ሁለቴ አስመልሶታል። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል።

«ምን በላ?» አልኩ።

«ገንፎ።»

«የምን ገንፎ?»

«የልጅ ገንፎ ነዋ ልጄ፣ ምጥን ነው።»

«ምጥኑ ውስጥ ምን ምን አለ?»

አያቲቱ ወደ እናቲቱ አዩ። እናቲቱ ስልኳን አውጥታ የሻጯን ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ ከ15 ዓይነት እህል የተዘጋጀ፣ ልጅ የሚያወፍር ይላል። የትኞቹ 15? አይልም። ልጁ አድሬናሊን ተወግቶ ትንፋሹ ሲመለስ ሻጯ ጋ አስደወልኩ። «የሙያ ሚስጥር ነው» አለች።

የሙያ ሚስጥር! እሺ።

ይባስ ብሎ፣ እኛ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሰፈራቸው ያለ አንድ ክሊኒክ ገብተው ነበር። ዴክሳ ተወግቶ፣ ፕሮሜታዚን ሽሮፕ ተጽፎለት፣ «አለርጂክ ነው፣ እንቁላልና ወተት ከልክሉት» ተብሎ ተሸኝቷል። ልጁ በዕለቱ እንቁላል አልቀመሰም። ገንፎውም በውሃ ነው የተሠራው። ማንም አልጠየቀም።

ስለዚህ በቁጥር ልጻፍላችሁ።

1. ሰዓት ያዙ። ፈጣኑ የምግብ አለርጂ ቀጠሮ አክባሪ ነው። ልጁ በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ቢዘገይ ሁለት ሰዓት ነው። ያው ምግብ ሲደገም እሱም ይደገማል። እሑድ እንቁላል በልቶ ረቡዕ ያሳከከውን ልጅ እንቁላል አላሳከከውም። የሚዘገይ ዓይነትም አለ፦ ከበላ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ልጁ ገርጥቶ የሚዝለፈለፍበት፤ ወይም ጨቅላ ሳለ ሰገራው ላይ የደም ክር የሚታይበት። እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን በሆድ እንጂ በቆዳ አይገልጹም። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ምን በላ፣ ምን ያህል በላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረው። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም የደም ምርመራ ይበልጣል።

2. ቆዳውን በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ እዩ። የተማርንባቸው መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ፤ ሥዕሉም የነጭ ልጅ ጉንጭ ነው። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሳማ የነካው የሚመስለው እብጠት ከራሱ ከቆዳው ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ ልጁን ወደ መስኮት አዙራችሁ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት፣ ወይም መዳፋችሁን ስታሳርፉበት ነው የምታገኙት። አንዱ እብጠት በሰዓታት ውስጥ ይጠፋና ሌላ ቦታ ይወጣል። ችፌ፣ ማለትም ኤክዜማ፣ ግን ቦታውን አይለቅም። ሕፃን ሲሆን ጉንጩ ላይ፣ መሄድ ሲጀምር የክንድና የጉልበት እጥፋት ላይ፤ ደረቅ፣ አመድ የተነፋበት የሚመስል፣ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዴም ብርድ ያንዘፈዘፈው ቆዳ ዓይነት ትንንሽ ጉብታ ያለው። ሲሻለው ነጣ ያለ ቦታ ይተዋል፤ እናቶች «ለምጥ ነው» ብለው በድንጋጤ የሚመጡት ያኔ ነው። አይደለም። ቀለሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

3. ሽፍታ ሁሉ ምግብ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የሁለት ዓመት ልጅ መጣችልኝ። እናቷ የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት በቦርሳዋ ይዛለች፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ሽሮ። ስድስት ወር ሙሉ ልጅቷ በእንጀራና በድንች ኖራለች። ክብደቷ ወርዷል። እግሯን ገለጥኩ፦ ሦስት ሦስት ሆነው የተሰለፉ፣ መሐላቸው ነጥብ ያላቸው ጉብታዎች፤ ከካልሲዋ በላይና ወገቧ ዙሪያ። ቁንጫ ነው! አንድ ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማስጣትና ቤት ማጽዳት የሚበቃው ነገር ለስድስት ወር እንቁላል አስነፈጋት። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን የ2019 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የጤና ጥናት ነግሮናል፤ እኛ ደግሞ በወረቀት ጭረን እንቁላል እንከለክላለን።

ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ በርበሬ የነካው ወጥ አፉ ዙሪያ፣ ምግቡ በነካው ቦታ ብቻ፣ የሚያቃጥለው ልጅም አለርጂ የለበትም፤ ቆዳው ተቆጥቶ ነው። ቫዝሊን ቀብታችሁ አብሉት። ማታ ማታ መላው ቤተሰብ የሚያክክ ከሆነ እከክ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይታከም። ክብ ሆኖ ዳሩ የሚሰፋ ከሆነ ጭርት ነው። ትኩሳትና ንፍጥ ባለበት ሳምንት የሚወጣ እንደ ሳማ ያለ ሽፍታም ብዙ ጊዜ ከቫይረሱ ነው፤ የዚያን ዕለት የበላው ምግብም የወሰደው አሞክሳሲሊንም ያለ ጥፋቱ ዕድሜ ልክ ይከሰሳል።

4. ምጥን። እዚህ ጋ እቆማለሁ፣ ይቅርታ።

ምጥን ጠላቴ አይደለም። እህልን ከጥራጥሬ ጋር ማዋሐድ ትክክል ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንም ያስተምሩታል፣ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። ያኔ ግን ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምናልባት አጃ ነበር፤ ያዘጋጀችውም እናቴ ስለነበረች ምን እንዳለበት ታውቃለች። አሁን ውድድር ሆነ። አንዷ 8 ዓይነት ስትል ሌላዋ 12 ትላለች፤ 15 ደረስን፤ አንድ ቀን 21 የሚል አይቻለሁ። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ካሹ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ግብጦ ሳይቀር። አሜሪካ በሕግ ማሸጊያ ላይ ካልተጻፉ የሚያስቀጡ 9 ዋና አለርጂ አምጪ ምግቦች አሏት፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ ነው፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ። ከዘጠኙ አምስቱን በአንድ ማንኪያ፣ በአንድ ጧት፣ ለስድስት ወር ልጅ! ዱቄቱ በሻንጣ ሲያትልና ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያለች እህታችሁ ልጇ ከንፈሩ ሲያብጥ ሐኪሙ የሚጠይቃት ያንኑ እኔ የጠየቅኩትን ነው፤ እሷም ያላት ያው ስልክ ነው።

ደግሞ «ቆልቼዋለሁ፣ ፈጭቼዋለሁ» ትላለች ሻጯ። ለውዝን መቁላት አለርጂውን አያጠፋም። ግብጦና አብሽ ከለውዝ ጋር ዝምድና አላቸው፤ በለውዝ የተቆጣ ሰውነት አንዳንዴ በእነሱም ይቆጣል። አብሹ «ለሆዱ» ተብሎ ነው የሚገባው፤ እንደ ምግብ የሚቆጥረው እንኳ የለም። ወፍጮ ቤቱም አንድ ነው፤ ከእናንተ በፊት ማን ምን እንዳስፈጨ አታውቁም። በከረጢቱ ላይ ያለው የልጅ ሥዕልና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ውሃ በጠርሙስ ሲሸጥ የማዕድኑ ዓይነት ይዘረዘራል፤ የሕፃን ምግብ ሲሸጥ «ሚስጥር» ይሆናል። ተቆጣጣሪ የተባለው አካል በየሱቁ ማኅተም ሲፈልግ ይውላል፣ የቴሌግራም ገበያው ግን የማንም አይደለም። ለስብሰባ ሲጠሩን ሻይና ብስኩት አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ገምቱ።

ምን አድርጉ ነው የምለው? አዲስ ምግብ ለየብቻው አስጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት፣ ቀን ላይ፣ ልጁ ደህና ሲሆን፣ በጥቂቱ። የተስማማውን ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ አዋሕዱት። ገዝታችሁም ከሆነ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ ካልነገሩ አትግዙ። ለውዝ በፍሬው ግን ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በጭራሽ፤ ሳንባው ውስጥ ገብቶ በመሣሪያ ያወጣንለትን ልጅ አልረሳም። ልሞ፣ ቀጥኖ፣ ገንፎ ላይ ይሁን።

ይሄን ስል «ታዲያ ለውዝና እንቁላል እስኪያድግ ይቆይ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይቆይ! ያ ምክር ከአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ለአለርጂ ለተጋለጡ ልጆች እንቁላል እስከ ሁለት ዓመት፣ ለውዝ እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ የሚል። ራሳቸው በ2008 ትተውታል። የእኛ ማስታወሻ ደብተሮች ውስጥ ግን አሁንም ተኝቶ አለ። ለንደን ውስጥ የጊዲዮን ላክ ቡድን ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ለውዝ አበላ፣ ግማሾቹን ከለከለ። ውጤቱ በ2015 ወጣ፤ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17 በመቶ ያህሉ ለለውዝ አለርጂ ሆኑ፣ ከበሉት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሐሳቡ የመጣው ከእስራኤል ነው፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ባምባ የሚባለውን የለውዝ መክሰስ ገና ጥርስ ሳያወጡ እንደሚያላምጡት ያውቃሉ። ከባድ ችፌ ያለበትን ወይም ከዚህ በፊት በምግብ የተቆጣ ልጅን ግን መጀመሪያ ሐኪም አሳዩ፤ ለውዙን እዚያ ትነጋገራላችሁ።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ እንጃ፣ ቁጥሩን ተዉት፦ ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፣ በቆሰለ ቆዳ ሲገባ ግን እንደ ጠላት ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ ችፌ ያለበትን ልጅ ቅቤ ወይም የለውዝ ዘይት ቀብታችሁ ፀሐይ አታስሞቁት፤ እማማዎቼ አትቆጡኝ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን፣ ከታጠበ በኋላ ወዲያው፣ በቀን ሁለቴ፣ ሳትሰስቱ። ሳሙና ይቀነስ። ሐኪም ካዘዘ ደካማው ሃይድሮኮርቲሶን። ጎረቤት የሰጠችውን ክሎቤታሶል ፊቱ ላይ አታድርጉ፤ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ጭርት ከሆነም ይደብቀዋል። ቆዳው በደንብ ከታከመ ብዙ ጊዜ «የእንቁላል አለርጂው» አብሮ ይጠፋል፣ መጀመሪያውኑ አልነበረማ። እንዲያውም ችፌ ያለበት ልጅ ሲበላው የቆየውን እንቁላል በጥርጣሬ ከተከለከለ፣ በኋላ ሲመለስለት እውነተኛው አለርጂ ሊመጣበት ይችላል። ወረቀት ላይ ስትጭሩ የምታደርጉት ይሄን ነው፣ ባልደረቦቼ።

«የ90 ምግብ አለርጂ ምርመራ» የሚሸጡትስ? አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለኩት። እሱ ልጁ ምግቡን መብላቱን ይናገራል እንጂ አለርጂን አይናገርም። በዚያ ገንዘብ የስንት ወር እንቁላል ይገዛል! ትክክለኛው አይጂኢ እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ ከፍ ብሎ ታይቶ ምግቡን በሰላም የሚበላ ልጅ ሞልቷል።

የዛሬውን ልጅ ያዳነው ነገር ዋጋው ርካሽ፣ በየጤና ጣቢያው ያለ ወይም መኖር ያለበት ነው። አድሬናሊን፣ አንድ በሺህ የሚባለው፣ ጭን ላይ በውጪ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.1 ሚሊ ሊትር። ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሳል፣ ማፏጨት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ መገርጣት ወይም መዝለፍለፍ ከሽፍታው ጋር ከመጣ ሌላ ነገር አትጠብቁ። ዴክሳ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ትንፋሽ እንዲህ አይጠብቅም። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያፍን ስለሚችል አይሰጥም፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ወላጆችም ልጁን አስተኙት፣ ትንፋሽ ካጠረው በጭናችሁ አስቀምጡት፣ አቁማችሁ አታስሩጡት፤ ታክሲ አስቁሙና አድሬናሊን ያለበት ቦታ ውሰዱት። አድሬናሊኑ ለምን በፍርሃት ከሳጥን እንደማይወጣ አይገባኝም። «ልቡን ያቆመዋል» የሚል ነርስ ዛሬም አለ፤ ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው።

ልጁ ዛሬ እኛ ጋ ያድራል፤ ምልክቱ ሰዓታት ቆይቶ ሊመለስ ስለሚችል። ልወጣ ስል እናቲቱ ስልኳን ይዛ ኮሪደር ላይ ተከተለችኝ። ሻጯ ለካ ልጁ ሆስፒታል መግባቱን ስትሰማ ደንግጣ ዝርዝሩን ልካለች። ቆመን አብረን አነበብነው፤ ለውዝ አለ፣ ሰሊጥ አለ፣ ካሹ አለ፣ ግብጦ አለ። ቆጠርነው፣ 14 ሆነ። መልሰን ቆጠርን። እናቲቱ ደወለች፤ አሥራ አምስተኛውን ሻጯ ራሷ አላስታወሰችውም። ዱቄቱን በከረጢቱ እንዳለ ሐሙስ ቀጠሮ ላይ ይዛ ትመጣለች።