የኮምፒውተር ቅንብር በየትኛው ፎርማት ይጻፍ?

እስኪ አስቡት። ብልባላ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ናችሁ። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ትናንት አንድ ሰው ሴቲንግ ነካካና ዛሬ አልነሳ ብሏል። ኔትወርክ የለም፤ ባለሙያ ፍለጋ ላሊበላ ድረስ መሄድ ሊኖርባችሁ ነው። የተበላሸውን ቅንብር ራሳችሁ ከፍታችሁ ማንበብ ከቻላችሁ ግን መንገዱ ይቀራል። የፎርማት ምርጫ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ዊንዶውስ ከ1995 ወዲህ አብዛኛውን ቅንብሩን የሚያስቀምጠው ሬጅስትሪ በሚባል ባይነሪ ቋት ውስጥ ነው። ለማሽኑ ይፈጥናል፤ ያለ ልዩ ፕሮግራም ብትከፍቱት ግን ዝብርቅርቅ ምልክት ነው የምታዩት። ሊኑክስ ከዩኒክስ በወረሰው ልማድ አብዛኛውን በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፍተዋል።

ጽሑፍ ይሁን ካልን፣ የትኛው?

አይኤንአይ፦ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ዋጋ። በቃ። ግን አንዱን ቅንብር በሌላው ውስጥ ለመክተት አይመችም።

ኤክስኤምኤል፦ መክተት ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ስም ሲከፍትም ሲዘጋም ስለሚጽፍ ዓይን ያደክማል።

ጄሰን፦ ቀለል ይላል። ነገር ግን «ይህን የቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ማስታወሻ አይቀበልም። መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ ኮማ ከቀረች ደግሞ ፋይሉ በሙሉ ውድቅ ነው።

ያምል፦ ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ችግሩ መገመት ይወዳል። የጠዋት ደወል 2:30 ብላችሁ ብትጽፉ፣ በያምል 1.1 ሕግ 2ን በ60 አባዝቶ 30 ይጨምርበትና 150 ያደርገዋል። በ2009 የወጣው 1.2 ይህን ቢያስቀርም፣ በአሮጌው ሕግ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ። መፍትሔው 2:30ን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው።

ቶምል፦ በ2013 የመጣ ነው። አይኤንአይን ይመስላል፤ ግን ጽሑፍ፣ ቁጥርና ሰዓት የሚለዩበት ግልጽ ሕግ አለው። ማስታወሻም ይቀበላል።

የእኔ ምርጫ? ሰው በእጁ ለሚያርመው ቅንብር ቶምል፤ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር ለሚለዋወጠው ጄሰን።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ብልባላ» 4 ፊደል፣ 12 ባይት ማለት ነው። አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ስሙን ያበላሸዋል።

እንግዲህ ወደዚያ ኮምፒውተር ስትመለሱ፣ መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ያዙ። ከዚያ አርሙ። ለምን እንዳረማችሁትም ከጎኑ በአማርኛ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያነበዋል።